በጣና የጀልባ ሞተር ስለሚታሰርበት ሳንቃ፤ አበላሸቱና አጠጋገኑ

በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ማለት በደራና በፎገራ በኩል፣ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ የሚሻገረው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ነው። ታንኳው ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ሞተር የሚታሰርበት ጠንካራ ጀርባ የለውም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. በዘጌ ሳሉ በትልልቅ የደንገል ታንኳዎች ላይ የእንጨት ወለል አስነጥፈው፣ በእጅ የሚዞር መንኰራኵር አስገጥመው እንደ ነበር በስፍራው የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ጽፏል። ችግሩ ያን ጊዜም ዛሬም አንድ ነው፤ ይኸውም ገፊውን ኀይል ከጀልባው አካል ጋር አጽንቶ ማያያዝ ነው።

ለዓሣ ማጥመድ የሚሆን የሞተር ጀልባ በጣና የገባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሞተሩ በጀልባው የኋላ ሳንቃ ላይ ይንጠለጠላል፤ የሚነካውም በሁለት ስፍራ ብቻ ነው፤ ከላይ በማጥበቂያው ብሎን፣ ከታች በማንጠልጠያው እግር። ለምሳሌ ፕሮፔለሩ ከብሎኑ በታች 60 ሳንቲ ሜትር፣ እግሩ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ቢርቅና ግፊቱ 100 ኪሎ ቢሆን፣ እግሩ ሳንቃውን በ300 ኪሎ ወደ ፊት ይገፋል፤ ብሎኑም በ200 ኪሎ ወደ ኋላ ይስባል። አንባቢ እንደሚያስተውለው ሳንቃው የሚሸከመው ከግፊቱ ሦስት እጥፍ ነው። በዚህ ላይ ርብና ጉማራ ከጉና ደጋ የሚያወርዱት ደለል ዳርቻውን አሳጥሮታል። በበጋ ውኃው ሲቀንስ የሞተሩ ጫፍ ጭቃና ግንድ ይመታል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ በፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል።

ይሁን እንጂ ሳንቃውን የሚገድለው ኀይሉ ብቻ አይደለም፤ በብሎን ቀዳዳ የሚሰርገው ውኃ ነው። እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ቀለሙ ግን ከውጭ ደኅና ይመስላል። ስለዚህ መርማሪው በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያድርገው፤ ጤነኛው ጥርት ያለ፣ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። በወስፌ ሲወጉት ያለ ችግር የሚገባ ከሆነ ነገሩ ተረጋገጠ ማለት ነው። አንዳንዶች በዚህ ጊዜ ቆርቆሮ ለብጠው ብሎኑን ያጠብቃሉ። እኔ ይህን መሸፈን እንጂ ጥገና አልለውም፤ ቆርቆሮው እርጥበቱን ዘግቶ መበስበሱን ያፋጥነዋልና።

ትክክለኛው ሥራ በበጋ ይጀመራል። ሞተሩ ይወርዳል፤ የበሰበሰው ጤነኛ እንጨት እስኪገኝ ድረስ ተቈርጦ ይወጣል፤ የቀረውም በጥላ በደንብ ይደርቃል። ይህን የማድረቅ ጊዜ ማሳጠር አይገባም፤ እርጥብ እንጨት ኮላ አይዝም። ከዚያ በልኩ የተዘጋጀ የጥድ ወይም የዋንዛ እንጨት በኤፖክሲ ይጣበቃል። ለ10 ሚሊ ሜትር ብሎን ቀዳዳው በ14 ይበሳል፤ በኤፖክሲ ተሞልቶ ሲጠነክር መካከሉ እንደገና በ10 ይበሳል። እንዲህ ሲሆን ብሎኑ እንጨቱን ከቶ አይነካም። ከውስጥ በኩል የማይዝግ ብረት ሰሌዳ ከሰፊ ሮንዴላ ጋር ማድረግ ጫናውን ይበትናል። ውኃ አብዝቶ የሚጠጣው የሳንቃው የላይኛው ጠርዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባ።

አሽከርካሪዎች ሞተሩ ደከመ ብለው ትልቅ ሲያስሩም ሳንቃው ይጐዳል። የጣና ከፍታ 1,800 ሜትር ያህል ስለ ሆነ አየሩ ሳስቶ 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 12 ያህል ብቻ ይሰጣል። ለዚህ የሚበጀው ክንፉ ዝቅ ያለ ጥምዘዛ ያለው ፕሮፔለር እንጂ ክብደት መጨመር አይደለም። ሞተሩ ከሳንቃው ሌላ በሰንሰለት ከጀልባው አካል ጋር ይታሰር፤ የሐይቁ ጥልቀት እስከ 14 ሜትር ይደርሳልና፣ በዚያ የወደቀ ሞተር በቀላሉ አይወጣም።