የተጎዳ ችግኝ፦ የሚባለውና እውነቱ

ደብረ ብርሃን ላይ ችግኝ ማሳደግ ቀላል አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ውርጩ አለ፣ በጉ አለ፣ ኳስ የሚያባርር ልጅ አለ። በጣሳ ያለች ወይራም ሆነች በአጥር ጥግ የተተከለች ጽድ አንድ ቀን ጉዳት ያገኛታል። ያን ጊዜ ሁሉም መድኃኒት ያዛል፤ አብዛኛው ግን ከጉዳቱ ይብሳል።

«ዛፍ ቢቆረጥም ያቆጠቁጣል።» ይህን ያስለመደን ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አብሮን የኖረው ባሕር ዛፍ ነው። ወይራም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የሐበሻ ጽድ ግን አረንጓዴ ቅጠል ካልቀረለት ከጉቶው አይመለስም። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከአንኮበር አካባቢው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስወስደው የመናገሻን ደን አስተከሉ ይባላል፤ ጽድ የሚተካው በዘር ነውና። ስለዚህ ጽድ ሲሰበርባችሁ መጀመሪያ ከስብራቱ በታች ቅጠል የያዘ ቅርንጫፍ መኖሩን እዩ። ካለ ቀና አድርጋችሁ በእንጨት ደግፉት፤ ውሎ አድሮ እሱ ራሱ ግንድ ይሆናል።

«ቁስሉን እበት ለቅልቀው፣ ቀለም ቀባው።» ዛፍ የቆሰለ እንጨቱን አያድንም። ከጤነኛው ለይቶ ይዘጋዋል፣ ከዚያም ከዳር እስከ ዳር አዲስ ቅርፊት እያበቀለ ይሸፍነዋል። አሜሪካዊው የደን ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ ብዙ ግንዶችን በመጋዝ እየሰነጠቀ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ የሚቀባ ነገር መበስበስን አይከለክልም፣ እንዲያውም እርጥበት አፍኖ ይይዛል። የተቦጫጨቀውን ጠርዝ በስለታም ቢላዋ አስተካክሎ መተው ይበቃል። ቅርንጫፍ ስትቆርጡም ከግንዱ ጋር አታስተካክሉት፤ መጋጠሚያው ላይ ያለችው እብጠት ትቅር፣ ቁስሉን የሚሸፍነው ቅርፊት የሚነሣው ከእሷ ነው።

ግማሽ ድረስ ተሰንጥቆ በቅርፊቱ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ግን ወዲያው ከተደረሰለት ይገጥማል። ስንጥቁን ሳታቆሽሹ ቅርፊቱን ከቅርፊቱ ጋር አገናኙት፤ በለስላሳ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ በቀጭን እንጨት ደግፉት። ግንዱ እየወፈረ ሲሄድ ማሰሪያውን ማላላት አይረሳ፤ አለበለዚያ ራሱ ያንቀዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያታልለው «ቅጠሉ አረንጓዴ እስከሆነ አልሞተም» የሚለው ነው። ጽድ ከሞተ በኋላ እንኳ ለሳምንታት አረንጓዴ መስሎ ይቆያል። እውነቱን የሚናገረው ቅርፊቱ ነው፤ በአውራ ጣት ጥፍር ትንሽ ፋቅ አድርጉት። ከሥሩ እርጥብ አረንጓዴ ከታየ ሕይወት አለ፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ክፍል አልቋል።

ፍየል ዙሪያውን የላጠው ችግኝ ላይ ይህ ማታለል ይብሳል። ውኃ በእንጨቱ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቅጠሉ የሚያዘጋጀው ምግብ ግን በቅርፊቱ ውስጠኛ ክፍል ወደ ታች ይወርዳል። ዙሪያው ሲላጥ ቅጠሉ ውኃ እያገኘ ሥሩ ይራባል። የቅርፊት ቁራጭ ከላይ ወደ ታች ሳይቋረጥ ከቀረ ግን ተስፋ አለ። በጃፓን ቦንሳይ የሚባሉትን በሳህን የሚያድጉ ድንክ ዛፎች የሚያሳድጉ ሰዎች የሚያከብሯቸው ያረጁ የጽድ ዘመዶች ግንዳቸው አብዛኛው ነጭ ደረቅ እንጨት ሆኖ፣ በአንዲት ቀጭን የቅርፊት መስመር ብቻ ይኖራሉ።

ማዳበሪያን በተመለከተ ምክሩ አጭር ነው፦ ለተጎዳ ችግኝ አትስጡት። የተጎዳ ሥር ማዳበሪያው ያቃጥለዋል፤ መስከረም ላይ ተገፍቶ የወጣ ለጋ ቡቃያም ኅዳር ላይ ውርጭ ይበላዋል። መረሬ አፈር ላይ ደግሞ ውኃ ማብዛት ሥሩን አየር ይነሣዋል። ጥላና ከነፋስ መከለያ ይሻለዋል።

«ውርጭ የመታው ሞቷል፣ ንቀለው» የሚለው ብዙ ችግኝ አስነቅሏል። ጫፉ ቢጠቁርም ውርጩ እስኪያልፍ አትቁረጡት፤ የደረቀው ቅጠል ከሥሩ ያለውን ይከልላል። ጥርት ባለ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅታው ይወርዳልና ጣሳውን ከፍ አድርጉ፣ ወይም ማታ በገለባ ሸፍናችሁ ጠዋት ግለጡት። ወሩ ሲሞቅ በጥፍር ፈትሹ፣ እስከ ሕያው ቦታ ድረስም ቁረጡ። ዙሪያውን ተልጦ ያለቀው ወይራ ከሆነ ከቁስሉ በታች ቁረጡት፣ ያቆጠቁጣል፤ ከቁስሉ በታች ቅጠል የሌለው ጽድ ከሆነ ግን ቦታውን አጥራችሁ በሐምሌ ሌላ ትከሉ።