የመመረቂያ ጽሑፍ ልትጽፉ ነው? መጀመሪያ ስንቅ ቋጥሩ

ሰኔ ሲቃረብ በየካምፓሱ የምናየው ነገር አንድ ነው። ማስረከቢያው 10 ቀን ቀርቶታል፣ ምዕራፍ አራት ገና አልተነካም፣ ተማሪው ደግሞ በቡናና በብስኩት ነው የሚኖረው።

እኛም ጋ ደርሷል። ከመካከላችን አንዱ የማስተርስ ጽሑፉን ሲጨርስ ሦስት ቀን ሙሉ ደህና ምግብ አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን ጨጓራው ተነሣበትና ላፕቶፑን ትቶ ክሊኒክ አደረ። ማስረከቢያው አለፈው፤ ለተጨማሪ ሴሚስተር እንደገና ከፈለ። የቀረው 12 ገጽ ብቻ ነበር።

ነገሩ ስንፍና አይደለም። ብዙዎቻችን "ምን ልብላ?" የምንለው ከራበን በኋላ ነው። ያኔ ለመግዛት እንወጣለን፣ መንገድ ላይ ጓደኛ እናገኛለን፣ ስንመለስ ሐሳባችን የት ጋ እንደቆመ ይጠፋናል። አንድ ምሳ ግማሽ ቀን ይበላል ማለት ነው።

ድሮ ዘማች ሲወጣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ ይቋጠርለት ነበር። ቶሎ የማይበላሽ፣ ብዙ ማብሰል የማይጠይቅ ምግብ ነው። ጽሑፍም ዘመቻ ነውና ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ቀን ለስንቅ ብቻ ስጡ።

1. ቁሌት፦ ሽንኩርቱን፣ ዘይቱንና በርበሬውን አንድ ጊዜ በደንብ አቁላሉና በትንንሽ ዕቃ ከፋፍላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ከዚያ ሽሮ መሥራት የ20 ደቂቃ ሥራ ነው። ፍሪጅ ከሌላችሁ የዕለቱን ብቻ ሥሩ።

2. እንጀራ፦ በሦስት በአራት ቀን ሊሻግት ስለሚችል የሳምንቱን በአንዴ አትግዙ፤ ለሁለት ክፈሉት። የሻገተውን "ጫፉን ቆርጬ" ብላችሁ አትብሉ። የተረፈው ሳይሻግት ከደረቀ ድርቆሽ ይሆናል፤ ለቁርስ ፍርፍር ይደርሳል።

3. በሶ፦ መብራት ሲጠፋ የሚያድናችሁ እሱ ነው። እሳት አይፈልግም፤ በውኃና በማር ወይም በስኳር በጥብጦ መጠጣት ወይም ጭብጦ አድርጎ መብላት ነው። ለጾመኛም ይሆናል፤ ማሩን በስኳር መተካት ትችላላችሁ።

4. መክሰስ፦ ገብስ፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ የተቀላቀለ ቆሎ ከብስኩት ይልቅ ያጠግባል፤ ኪቦርዱንም ቅባት አያደርገውም። ሙዝ ጨምሩበት። ግን ሙሉውን ከረጢት አጠገባችሁ አታድርጉ፤ የዕለቱን በስኒ ለኩ።

5. ቡና፦ በብዙ ሰው ሰውነት ውስጥ ካፌይን በግማሽ እስኪቀንስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣችሁት ቡና ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና አለ። ስለዚህ ቡናውን ከሰዓት በፊት ጨርሱት፤ በባዶ ሆድም አትጠጡት። የውኃ ኮዳ ጠረጴዛው ላይ ይኑር።

በመጨረሻ፣ የምትበሉበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ለምሳሌ 2፣ 7 እና 1 ሰዓት። ስትበሉም ከላፕቶፑ ተነሡ።

ቤታችሁ የሚጽፍ ልጅ ካለ ደግሞ "ጨረስክ ወይ? ጨረስሽ ወይ?" እያላችሁ አትጠይቁት። አንድ ጣሳ ቆሎ አስቀምጡለትና በሩን ቀስ ብላችሁ ዝጉ።

ጽሑፍ ላይ ላለ ጓደኛችሁ አጋሩት። መልካም ዘመቻ!