ዘመን ያለፈበት ኮምፒዩተር ስለምን ይወደዳል?

ኮምፒዩተር ያለ መሪ ግዑዝ ዕቃ ነው። ሥራውን የሚመራለት ፕሮግራም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። ከእነዚህም አንዱ ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2001 አወጣው፤ በ2014ም ጥበቃውን አቋረጠ (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን በዚሁ አቆጣጠር ነው)። ነገር ግን በከተማችን በነገሌ ማመልከቻ ከሚጻፍባቸው ሱቆች በአንዱ እስካሁን ሲሠራ አይቻለሁ። ጸሐፊውን «ጋሼ፣ ስለምን አይለውጡትም?» ብላቸው «ልጄ፣ እሱ እኔን መቼ አስቸገረኝ!» አሉኝ። እኔም ምክንያቱን መርምሬ ሦስት ነገር አገኘሁ።

አንደኛ፣ ኤክስፒ ጥቂት ይበቃዋል። ለመነሣት 64 ሜጋባይት የማስታወሻ ቦታ ሲበቃው፣ ዊንዶውስ 11 ግን 4 ጊጋባይት ማለትም 64 እጥፍ ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ መልኩ ከልብ አይጠፋም። በመስኮቱ ላይ የሚታየውን አረንጓዴ ኮረብታ ቻርልስ ኦሪር የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በ1996 በካሊፎርኒያ ያነሣው ነው፤ ለእኛ ግን ዝናብ የጠገበውን የሊበንን ሜዳ ያስታውሰናል።

ሦስተኛውና ዋናው ፊደላችን ነው። ኤክስፒ የአማርኛ ፊደል ሳይዝ የተሠራ ነበር። በአሮጌው አሠራር ለአንድ የፊደል መልክ ያለው ቦታ ከ256 አይበልጥም፤ የእኛ ፊደል ደግሞ 33 በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል። ስለዚህ የቀድሞዎቹ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የአማርኛውን መልክ በላቲኑ ፊደል ቦታ እየተኩ ያስጽፉ ነበር። እንዲህ የተጻፈ ደብዳቤ ያ መልክ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆናል። ዩኒኮድ በ1999 ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጠ፤ «ሀ» 4608 ናት። ዊንዶውስም «ኒያላ» የተባለውን የአማርኛ ፊደል ይዞ የመጣው በ2007 በወጣው ቪስታ ነው።

እንግዲህ ናፍቆቱ ከንቱ አይደለም። የሠፈራችን እድር የአባላትና የመዋጮ መዝገብ ለብዙ ዓመታት የተጻፈው በዚያው አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። በቆላው ሙቀትና አቧራ አንድ ቀን ቢቆም፣ ማን ምን ያህል እንደ ከፈለ የሚመሰክር አይገኝም።

ይሁን እንጂ ፍቅር ከጥንቃቄ ጋር ይሁን። በ2017 «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ፣ ኩባንያው ለተወው ለኤክስፒ እንኳ መከላከያ ለማውጣት ተገደደ። ስለዚህ አሮጌውን ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት እናርቀው፤ ጽሑፎቹን በፍላሽ ገልብጠን ፊደሉን በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ እናዛውረው፤ ከወረቀት ቅጂውም ጋር ቃል በቃል እናመሳክረው። ይህ ለእኛ ለተማሪዎች የሚከብድ ሥራ አይደለም። በየቤታችሁና በየማኅበራችሁ እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ያላችሁ ወላጆችም ከመጣላችሁ በፊት ጥሩን፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።