ክረምቱን ቆሞ የነከሰ ፒስተን

ከመገናኛ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ ጉርድ ሾላ አካባቢ ቁፋሮና ግንባታ ከዓይን ጠፍቶ አያውቅም። ጎረቤቱ ሲ.ኤም.ሲ. ስሙን የወሰደው ቤቶቹን ከሠራው የጣሊያን ተቋራጭ ነው። መንገዱን እየተከተለ የሚሄደው ቀላል ባቡርም በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ይህን ሁሉ አፈር የዛቀው ሎደርና ኤክስካቫተር ዝናቡ ሲበረታ አጥር ጥግ ይቆማል። መስከረም ጠብቶ ሲያስነሱት ሞተሩ ያጓራል፣ ክንዱ ግን ንቅንቅ አይልም። መካኒኩ ዞር ዞር ብሎ አይቶ በአንድ ቃል ይፈርዳል፦ ነክሷል።

የሚነክሰው ሲሊንደሩ ነው። ሲሊንደር ውስጡ የተወለወለ ወፍራም የብረት ቱቦ ሲሆን ፖምፓው ዘይት ሲልክበት ዘይቱ ፒስተኑን፣ ፒስተኑ ዘንጉን፣ ዘንጉ ደግሞ ክንዱን ይገፋል። ዲያሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፒስተን የፊቱ ስፋት 78 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 200 ኪሎ ሲያርፍበት ከ15 ቶን በላይ ይገፋል። በዚህ መርህ የሚሠራ መጭመቂያን እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እ.ኤ.አ. በ1795 በስሙ አስመዝግቦታል። ያን ያህል ጉልበት አፍነው የሚይዙት ግን ጥቂት ጎሚኒዎችና በዘንጉ ላይ የተለበጠ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ የሳሳ ክሮም ናቸው።

ክረምት የሚያጠቃው ይህንኑ ስስ ልባስ ነው። ማሽኑ ዘንጉን እንዳወጣ ከቆመ ዝናቡ በክሮሙ ጭረት ገብቶ ሥሩን ያዝጋል። በውስጥ በኩል ደግሞ ቀን ፀሐይ የሞቀው የዘይት ታንከር ሌሊት የእንጦጦ ብርድ ሲወርድበት እርጥብ አየር ይስባል፤ እርጥበቱ ጠል ሆኖ ከዘይቱ በታች ይተኛል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በፒስተኑና በቱቦው መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍተት ይሞላታል። ያኔ ሁለቱ አንድ ብረት ይሆናሉ።

ለማላቀቅ ቀድሞ መዶሻ የሚያነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ዘንጉን ያጎብጣል። የለመደ እጅ በሽቦ ቡሩሽ ዝገቱን ያራግፋል፣ ዘልቆ የሚገባ ስስ ዘይት ያጠጣል፣ ያሳድራል፤ በማግስቱም ይደግማል። መታ መታ ማድረግ ካስፈለገም በናስ ነው። ባኬቱን ከክንዱ ጋር የሚያያይዘው ፒን ከነከሰ እሳት ይረዳል፤ የሚሞቀው ግን ፒኑ ሳይሆን ዙሪያው ነው። 80 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቀዳዳ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰፋል። ትንሽ ትመስላለች፣ ለፒኑ ግን በቂ መንገድ ናት። ዘይት የታፈነበትን ሲሊንደር ማሞቅ ግን ቦምብ መለኮስ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ዘዴ ማሽኑን በራሱ ጥበብ ማላቀቅ ነው። ሲሊንደሩ ይወርድና ዘይት ይሞላል፤ አየሩ በሙሉ ይወጣለታል። ከዚያ ጌጅ ያለው የእጅ ፖምፓ ይታሰርበትና፣ ሲሊንደሩ ከሚችለው ግፊት ሳያልፉ፣ ቀስ እያሉ ይገፋሉ፤ ይጠብቃሉ፤ እንደገና ይገፋሉ። ዘይት እምብዛም ስለማይጨመቅ ፒስተኑ ፀጉር ታህል ሲንቀሳቀስ ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል፤ ነገሩ በሰላም ያልቃል። በጎሚስታ ቤት ኮምፕሬሰር አየር የሚነፉበት ግን ሌላ ነገር እየሠሩ ነው። አየር እንደ ሞላ ይጨመቃል፣ ሲለቀቅም ይፈነጠራል። 8 ባር አየር ያንኑ 10 ሴንቲ ሜትር ፒስተን ከ600 ኪሎ በላይ ይገፋዋል። ዝገቱ ድንገት ሲለቅ ፒስተኑ ከቱቦው የሚወጣው እንደ ጥይት ነው።

ይህ እውቀት በአገራችን ረጅም ዕድሜ አለው። በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው አውራ ጎዳና ዶዘርና ግሬደር ይዞ አገሩን ሲያቋርጥ መካኒኮቹም አብረው በቅለዋል። መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር አሮጌ ሲሊንደር አይጣልም፤ ዘንጉ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ ጎሚኒው ይቀየራል፣ ማሽኑ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህን ሥራ ለሚያውቁ እጆች ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው።

ስለዚህ ወጣት ረዳቶችን አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ቱቦ ከመፍታታችሁ በፊት ባኬቱን መሬት አስቀምጡ፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ማንሻዎቹን እያንቀሳቀሳችሁ የታፈነውን ግፊት አስተንፍሱ። የሚያፈስ ቱቦ በካርቶን እንጂ በእጅ አይፈለግም፤ ከመርፌ ቀዳዳ የሚፈናጠር ዘይት ቆዳ ይበሳል። ቁስሉ ነጥብ ብቻ ቢመስልም፣ ባያምም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱና ዘይት በግፊት እንደገባ ለሐኪሙ ንገሩት፤ የዘገየ ሰው ጣቱን፣ አንዳንዴም እጁን ያጣል። ባለንብረቶች ደግሞ ሰኔ ሳይገባ ዘንጎቹን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ውጭ የቀረውን ግሪስ ቀብታችሁ አቁሙ፤ በክረምቱም በየሁለት ሳምንቱ አስነስታችሁ አንቀሳቅሱት።