ሜሮን አንዴ ነው፤ ማክሰኞ ግን በየሳምንቱ ነው

እስቲ ስልካችሁን አውጡና የድሮውን የሰንበት ትምህርት ቤት ፎቶ ፈልጉ። ነጠላ ለብሳችሁ፣ ከበሮው መሐል ቆሞ፣ ሁላችሁም እየሳቃችሁ። አሁን ቁጠሩ። ከእነዚያ ልጆች ዛሬም ቤተ ክርስቲያን የሚመላለሱት ስንት ናቸው? አንዷ ዓረብ አገር ናት፣ ሁለቱ አዲስ አበባ ገብተዋል፣ ሦስቱ ኮምቦልቻ ወርደዋል። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ወጥቶ ያልተመለሰም አለ። አብዛኞቹ ሃይማኖታቸውን አልቀየሩም። ከማንም ጋር አልተጣሉም። ቀስ እያሉ ቀሩ እንጂ።

የዛሬው ጉዳዬ ይኸው “ቀስ እያሉ መቅረት” ነው።

አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ልጅ ካደገ በኋላ ተምሮ እምነቱን በጉባኤ ፊት የሚያጸናበት ቀን አላቸው። በእኛም አገር መካነ ኢየሱስ ይህ ሥርዓት አላት፤ በሌሎቹ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ወጣቱ የጥምቀት ትምህርት ተከታትሎ ይጠመቃል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነገሩ ይለያል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ እዚያው ካህኑ ሰውነታቸውን 36 ቦታ ቅብዐ ሜሮን ይቀባቸዋል፤ እዚያው ይቆርባሉ። ማኅተም ነውና ሜሮን አይደገምም። በእናቱ እቅፍ ሆኖ የታተመው ሕፃን አድጎ “አዎ፣ ይህ የእኔም ነው” የሚልበት ቀን ግን በካላንደር ላይ የለም።

እኔ እንደማየው ያ ቀን የሚመጣው ከቤት በወጣን በመጀመሪያው ተራ ማክሰኞ ነው።

ማክሰኞ የምለው በምክንያት ነው። እሑድማ ራሱ እሑድ ነው። መስከረም 21 ሲደርስ ግሸን ማርያም የሚሄደው ሕዝብ ደሴን ሲያጥለቀልቃት ክርስቲያን መሆን አይከብድም፤ ሰዉ ራሱ ይወስድሃል። ተራ ማክሰኞ ማታ ግን በዓል የለም፣ እናት የለችም፣ ነገ ረቡዕ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው እንኳ ላይኖር ይችላል።

ለሥራ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል እመላለሳለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባሱ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ሲወርድ የደሴን ብርድ ትተን ሙቀት ውስጥ እንገባለን። በኪሎ ሜትር ቅርብ ነው፤ በኑሮ ግን ሩቅ ነው። ደሴ ያደገ ልጅ “የእነ እንትና ልጅ” ነው፤ ቅዳሴ ቢቀር ጎረቤት ያየዋል፣ ማታ ለእናቱ ይነገራል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሲቀጠር፣ ወይም በ2009 ዓ.ም የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሥራ ሲያገኝ፣ ማንም የማንም ልጅ መሆኑን አያውቅም። ፈረቃ አለ። ለሦስት የተከራዩት አንድ ክፍል ቤት አለ። እሑድ ልብስ የሚታጠብበትና እንቅልፍ የሚካካስበት ቀን ይሆናል። ሻይ እየጠጣን “ምነው ጠፋህ?” ስል የማገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ “አልተወኩም እኮ፣ አልተመቸኝም” ይሉኛል። “አልተመቸኝም” ደግሞ ሳይታወቅ ሦስት ዓመት ይሞላዋል።

ብዙ ሰው መፍትሔው ተጨማሪ ትምህርት ይመስለዋል። ትምህርት መቼ ጠፋ? ስብከቱ ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል፣ መዝሙሩ ቲክቶክ ላይ ነው፣ ስንክሳሩ በየቀኑ በቴሌግራም ይመጣል። ጥሩ ነው፤ እኔም እከታተላለሁ። ግን ዩቲዩብ “ዛሬ ለምን ቀረህ?” ብሎ አይደውልም። ሥር የሚይዘው ሲቀር የሚፈለግ ሰው ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ሥራ የተሰጠው፣ እሱ ከሌለ የሚጎድል ነገር ያለው ሰው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ እዚሁ አጠገባችን ነው ያለው። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ሐይቅ እስጢፋኖስን አስቡ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ እዚያ ያስተማሯቸው ልጆች ሁሉ ሐይቅ አልቀሩም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወጥተው ኋላ ደብረ ሊባኖስ የሚባለውን ገዳም መሠረቱ፤ አባ ኂሩተ አምላክ ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስን አቀኑ። መውጣት አላጠፋቸውም። በሄዱበት የሚጠይቃቸውንና የሚጠይቁትን ሰው ሰብስበው ሥርዓቱን እንደገና አቆሙት።

ቅርብ ጊዜ ካላችሁም በ1983 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወታደራዊ ሥልጠና ብላቴ ገብተው ነበር። ከቤትም ከአጥቢያም የራቁ ልጆች እዚያው እየተሰበሰቡ መጸለይ ጀመሩ። በ1984 ዓ.ም ለተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን መነሻ ከሆኑት አንዱ ይህ ነው። ዛሬ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ ሲገባ ግቢ ጉባኤ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ችግሩ የሚመጣው ሲመረቅ ነው። አራት አምስት ዓመት ያቀፈው ጉባኤ በአንድ ቀን ያበቃል፤ ሥራ ያገኘበት ከተማ ላይ ማንም አይጠብቀውም።

ሌላ አገርም ይህን ያውቁታል። የፊንላንድ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን 15 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች ካምፕ አስገብታ አስተምራ ታጸናለች። ካጠናቀቁት ውስጥ ብዙዎቹ በቀጣዩ ዓመት ረዳት ሆነው ተመልሰው ታናናሾቻቸውን ይመራሉ። እዚህ “ተመርቀሃል፣ ሂድ” የለም፤ “ና፣ አግዘን” ነው የሚባለው።

እኛ ጋ ደግሞ ጽዋ አለ። ወጣቱ “የእናቶች ነገር” ብሎ ይተወዋል እንጂ እንደ ጽዋ ማኅበር ብልህ አሠራር አላየሁም። በወር አንድ ቀን፣ በ12 ሚካኤል ወይም በ21 ማርያም፣ ከአባላቱ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ተረኛው ዳቦና ጠላ ያዘጋጃል፤ ጽዋውን ለቀጣዩ ያስረክባል። ተራው ይደርስብሃል። ብትቀር ጽዋው ማን ጋ እንደሚሄድ ግራ ይገባል፣ ስለዚህ ይደወልልሃል። ዳቦው ከዳቦ ቤት፣ ጠላው ለስላሳ ቢሆን ምንም አይደል። አምስት የፋብሪካ ሠራተኞች በአንድ ክፍል ቤት ሊጠጡት ይችላሉ።

ወሎ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ያውቃል፤ እምነት በትእዛዝ ሥር አይሰድም። በ1870 ዓ.ም ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተደርጎ የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ ታዘዘ። ብዙው እምነቱን በልቡ ይዞ ቆየ፤ ጊዜ ሲያገኝ በግልጽ ተመለሰ። ዛሬ የዚያ ሕዝብ ልጆች አንድ ግቢ ተከራይተው ይኖራሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ክርስቲያን ልጅ “ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ? ሥጋ እኮ ነው” የሚለው ሙስሊም የሥራ ባልደረባው ነው። ሶላቱን ሰዓት ጠብቆ የሚሰግድ ጓደኛ ያንተንም ጾም ያከብርልሃል፤ አንተ ራስህ ካከበርከው ማለት ነው።

እና ምን ይደረግ? ከደሴ ከመውረዳችሁ በፊት ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። “አባ፣ ኮምቦልቻ ልገባ ነው፤ እዚያ የሚያውቁት ካህን ካለ ያገናኙኝ” ማለት የአምስት ደቂቃ ነገር ነው። አዲሱ አጥቢያ ስትደርሱ ተራ ምእመን ሆናችሁ ከኋላ ከመቆም አንድ ሥራ ጠይቁ፤ ሕፃናት ማስተማር፣ ጽዳት፣ ድምፅ ማጉያ፣ ምንም ይሁን። ፈረቃችሁን ተናገሩ፤ የሌሊት ገቢ መሆናችሁን የማያውቅ ሰው ሰነፍ ብሎ ይተዋችኋል።

ደሴ ለቀራችሁትም አንድ ነገር ልበል። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝገብ ላይ “በሥራ ምክንያት የለቀቀ” ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም። የሄደበትን ከተማና ስልኩን ጻፉ፤ እዚያ ላለው ሰንበት ትምህርት ቤት አስተላልፉ። በወር አንዴ ደውሉለት፤ ለወቀሳ ሳይሆን “እንዴት ነህ?” ለማለት።

ያንን ፎቶ ገና አልዘጋችሁት ከሆነ ከውስጡ አንድ ሰው ምረጡ። ፈረቃው ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ጠይቁና የዚህን ሳምንት እሑድ ተቀጣጠሩ።