ስስ አየርና ቀዝቃዛ ሞተር፦ በጌዴኦ ደጋ ያገለገለ መኪና ሲገዛ የሚነገሩ ተረቶችና እውነታዎች

ስለ ያገለገለ መኪና ሞተር ጤንነት በጌዴኦ ዞን ከገዢ ወደ ገዢ፣ ከደላላ ወደ ደላላ የሚተላለፉት አባባሎች አብዛኞቹ ከባዶ የተፈጠሩ አይደሉም፤ በአንድ ዓይነት ሞተር ላይ ወይም በአንድ ቦታ እውነትነት ያላቸው ናቸው። ስሕተቱ የሚመጣው በቆላ የተለመደው ምልክት እንዳለ ወደ ደጋ፣ በቤንዚን ሞተር የታየውም ወደ ናፍጣ ሞተር ሲወሰድ ነው። በገደብ ወረዳ የምትገኘው ባንኮ ጎቲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር አካባቢና ከዚያም ከፍ ባለ መሬት ላይ ያረፈች የቡና አገር በመሆኗ፣ 1570 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከዲላ ጋር እንኳ ስትነጻጸር የአየሩ ግፊት፣ የንጋቱ ቅዝቃዜና የመንገዱ አቀበት በሞተር ምርመራው ውጤት ላይ ለውጥ ያመጣሉ።

ጉዳዩ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት ያገኘው ገበያው ስለተለወጠ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ ተሽከርካሪዎችን ከውጭ ማስገባትን በከባድ ታክስ አጥብቦት ነበር፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኩል ተገለጸ። ስለዚህ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው መኪና ከዓመት ዓመት እያረጀ የሚሄድ ነው። የቡና ገንዘብ በሚገባበት ወቅት መኪና ፈላጊው ሲበዛና ደላላው ሲጣደፍ ደግሞ፣ ሞተሩን ረጋ ብሎ የመመርመር ዕድሉ ይበልጥ ይጠብባል።

«በአንድ ቁልፍ ይነሣል» የሚለው ማረጋገጫ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማ፣ ከሁሉ ያነሰ ዋጋ ያለው ነው። የሞቀ ሞተር ሕመሙን ይደብቃል፤ ብረቱ በሙቀት ስለሚሰፋ በፒስተንና በሲሊንደር መካከል ያለው ክፍተት ይጠብባል፣ ዘይቱም ቀድሞ ወደየክፍሉ ስለደረሰ የሚንኳኳው አካል ለጊዜው ዝም ይላል። አንዳንድ ሻጭ ገዢው ከመድረሱ በፊት መኪናውን «ለማሞቅ» ዞር ዞር የሚያደርገው ሁልጊዜ በቅንነት ላይሆን ይችላል። ስለሆነም ምርመራው የሚጀመረው ቁልፍ ከመዞሩ በፊት፣ ኮፈኑ ተከፍቶ የሞተሩ አካልና ራዲያተሩ በእጅ ሲዳሰሱ ነው፤ ለብ ብለው ከተገኙ ቀጠሮውን ለማግስቱ ንጋት ማዛወር ከማንኛውም ክርክር ይሻላል። ሞተሩ በቅዝቃዜው እንደተነሣ የዘይት ግፊት መብራት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። ከታች፣ ከሞተሩ ሆድ የሚመጣ ደረቅ ኳኳታ ከተሰማ ብሮንዚኖቹ፣ ማለትም ዋናውን ተሽከርካሪ ዘንግ የሚሸከሙት ስስ የብረት ሽፋኖች፣ መበላታቸውን ሊያመለክት ይችላል። በናፍጣ ሞተር ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በገደብ ብርድ ሞተሩን የሚያስነሣው ሞተሪኖ ለረጅም ጊዜ ከዞረ በኋላ ነጭ ጭስ እያወጣ የሚነሣ አይሱዙ የእምቃት ችግር ሊኖርበት ይችላል፣ ነገር ግን ክፍሉን አስቀድሞ የሚያሞቀው ካንዴሌታ ብቻ ተቃጥሎም ያንኑ ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ በሞተሩ ላይ ከመፍረድ በፊት ርካሹ ዕቃ ይፈተሻል።

ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያሳስተው ጭስ ነው። «ነጭ ጭስ ካወጣ ሞተሩ አልቋል» የሚለው አባባል በባንኮ ጎቲቲ ንጋት ላይ ብዙ ጤነኛ መኪና ያስወቅሳል፤ ምክንያቱም ነዳጅ ሲቃጠል ከሚፈጠሩት ነገሮች አንዱ ውኃ ሲሆን፣ አንድ ሊትር ቤንዚን በሙሉ ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ይህ እንፋሎት ቀዝቃዛውን የጭስ ማውጫና ድምፅ ማፈኛውን ማርሚታ ሲያገኝ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ወጥቶም ብዙ ሳይርቅ በአየር ላይ ይጠፋል፣ ቧንቧው ሲሞቅም ያበቃል። አሳሳቢው ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይተው፣ ወፍራምና በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚቆይ፣ በራዲያተሩ ውስጥ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ካለ ደግሞ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነው፤ ይህም ቴስታታውን፣ ማለትም የሲሊንደሮቹን የላይ መክደኛ፣ ከሞተሩ አካል ጋር አጥብቆ የሚያገናኘው ጓርኒሲዮን ተበልቶ ውኃ ወደ ማቃጠያው ክፍል እንደሚገባ ያስረዳል። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር የሚታየው ወተት መሳይ አረፋም እንዲሁ ሁለት ትርጉም አለው፤ በብርድ አገር አጭር አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና በእርጥበት ምክንያት በክዳኑ ላይ ትንሽ ሊያጠራቅም ይችላል፣ በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ያው ወተታማ መልክ ከታየ ግን ውኃውና ዘይቱ ተገናኝተዋል።

ጥቁር ጭስ ሌላ ታሪክ ነው። በ2000 ሜትር ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ወደ አምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ቱርቦ የሌለውና የነዳጅ መጠኑ ለዝቅተኛ አገር የተስተካከለ አሮጌ የናፍጣ ሞተር እሸት ቡና ጭኖ አቀበት ሲወጣ ነዳጁን ሙሉ በሙሉ የሚያቃጥልበት አየር ያንሰዋል፤ ጥቁር ጭሱ ከሞተሩ መበላት ይልቅ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ የታፈነ የአየር ማጣሪያም ይህንኑ ያባብሳል። ሰማያዊ ጭስ ግን በየትም ከፍታ የዘይት ምልክት ነው፤ የሚለየው ዘይቱ የሚገባበት በር ነው፣ ይህን በር ለማወቅ ደግሞ የጌዴኦ መልክዓ ምድር ያለ ክፍያ የሚሰጠው ፈተና አለ። የቤንዚን መኪና ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ተይዞ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነሥቶ ከወረደ በኋላ ታች ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ ቢወጣ፣ በቁልቁለቱ ጊዜ በሞተሩ ውስጥ የተፈጠረው ከፍተኛ ስበት በቫልቮላዎቹ፣ ማለትም አየር በሚያስገቡትና ጭስ በሚያስወጡት በሮች፣ ዘንግ ዙሪያ ባሉት ጎማዎች በኩል ዘይት ስቧል ማለት ነው፤ ይህ በአንጻራዊነት ቀላል ጥገና ነው። ጭሱ አቀበት ሲወጣ በጭነት ጊዜ ያለማቋረጥ የሚከተል ከሆነ ግን ፋሻዎቹ፣ ማለትም ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚያጥብቁት ቀለበቶች፣ ተበልተዋል፤ ይህም ሞተር የማውረድ ሥራ ነው። በሜዳ ላይ ለአምስት ደቂቃ ዞር ብሎ የተመለሰ ገዢ ሁለቱንም አያይም።

«ኮምፕሬሽኑ ተለክቷል፣ ጥሩ ነው» የሚለው ቃል ከሁሉ የበለጠ ሳይንሳዊ ስለሚመስል ከሁሉ የበለጠ ያዘናጋል። ኮምፕሬሽን ወይም እምቃት ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ በሲሊንደሩ ውስጥ የታሰረው አየር የሚደርስበት ግፊት ሲሆን፣ በቤንዚን ሞተር የሚለካው እሳት የሚጭረው ካንዴላ ተፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ከተገጠመ በኋላ ሞተሪኖው ሲዞር ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩ የሚያምቀው አካባቢው የሰጠውን አየር ነው። በባሕር ወለል 12 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር በዲላ ወደ 10 ባር፣ በ2000 ሜትር ደግሞ ወደ 9.4 ባር ገደማ ያሳያል፤ ሞተሩ ያው ነው፣ የተለወጠው አየሩ ነው። የፋብሪካ መመሪያ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዞ ገደብ ላይ የለካ ሰው ጤነኛውን መኪና «የደከመ» ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ በአንጻሩም ዝቅተኛ ቦታ ላይ ተለክቶ የተገኘን 9.4 ባር «በደጋ የተለመደ ነው» ብሎ የሚያባብል ሻጭ አይጠፋም። ስለዚህ ቁጥር ብቻውን ትርጉም የለውም፤ የት እንደተለካ አብሮ መነገር አለበት።

አለካኩም ራሱን የቻለ ወግ አለው። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ የነዳጅና የእሳት መስመሩ ተቋርጦ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ መለካት አለበት፤ ነዳጅ መስጫው ካልተረገጠ የአየር በሩ ስለሚዘጋ ንባቡ በሐሰት ዝቅ ይላል፣ ባትሪው ከደከመም እንዲሁ። ከቁጥሩ መጠን ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይበልጥ ይናገራል፤ በመካኒኮች ዘንድ በተለመደው መመዘኛ ዝቅተኛው ከከፍተኛው ሦስት አራተኛ በታች መሆን የለበትም፣ ይህ ንጽጽር ደግሞ ሁሉም ሲሊንደሮች አንድ ዓይነት አየር ስለሚስቡ በከፍታ አይበላሽም። አንዱ ሲሊንደር ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ተጨምሮ በድጋሚ ይለካል፦ ንባቡ ጉልህ ሆኖ ከፍ ካለ ዘይቱ የተበላውን ፋሻ ለጊዜው ስላጠበቀው ችግሩ ከታች ነው፣ ካልተንቀሳቀሰ ችግሩ ከላይ፣ ከቫልቮላው ወይም ከጓርኒሲዮኑ ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች እኩል ከወደቁ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን መበላቱ ይጠረጠራል። የናፍጣ ሞተር እምቃት ከቤንዚኑ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ለቤንዚን በተሠራ መለኪያ መሞከር መሣሪያውን መስበር ነው።

ምልክት ከሞተር ዓይነት ወደ ሞተር ዓይነት ሲሻገር እንዴት ሊገለበጥ እንደሚችል በዓለም የመኪና ገበያ የሮታሪ ሞተርን ያህል የሚያሳይ የለም። ሮታሪ ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ያመነጨው፣ በፒስተን ፈንታ ባለሦስት ማዕዘን አካል በሞላላ ክፍል ውስጥ የሚዞርበት ሞተር ነው፤ በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ የተሠራው ኤንኤስዩ ሮ 80፣ ከ1978 እስከ 2002 የተመረተው ማዝዳ አርኤክስ-7 እና ከ2003 እስከ 2012 የቆየው አርኤክስ-8 በእርሱ ይሠሩ ነበር። በፒስተን ሞተር ዘይት መብላት ሕመም ሲሆን፣ በሮታሪ ግን በሦስቱ ማዕዘን ጫፎች ላይ ያሉት ማጥበቂያዎች እንዳይበሉ ትንሽ ዘይት ሆን ተብሎ ወደ ማቃጠያው ክፍል ይረጫል፤ «ዘይት ጠብታ አይቀንስም» የሚባልለት ሮታሪ ነው እንግዲህ ይበልጥ የሚያጠራጥረው። ተራው የእምቃት መለኪያም እዚህ ያታልላል፤ አንድ ሮተር ሦስት ፊቶች አሉት፣ አንድ የጫፍ ማጥበቂያ ቢሰበር የሚደክሙት አጎራባቾቹ ሁለት ፊቶች ናቸው፣ ከፍተኛውን ግፊት ብቻ ይዞ የሚቀረው መለኪያ ግን ጤነኛውን ሦስተኛ ፊት አሳይቶ ያልፋል። ስለዚህ ሦስቱንም ለየብቻ የሚያነብና ንባቡን በደቂቃ 250 ዙር ፍጥነት መሠረት የሚያርም መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ለአርኤክስ-8 የተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 6.8 ባር ያህል ሲሆን፣ በፊቶቹ መካከል ያለው ልዩነትም ከ1.5 ባር መብለጥ የለበትም። ከሁሉ የሚገርመው የማስነሣቱ ነገር ነው፦ የደከመ ሮታሪ በቅዝቃዜ በደንብ ተነሥቶ፣ ሞቆ ከጠፋ በኋላ እንደገና ለመነሣት እምቢ ይላል። ከላይ የተነገረው የንጋት ፈተና ለእርሱ አይበቃም፣ ማሞቅ፣ ማጥፋትና መልሶ ማስነሣት የግድ ነው።

ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ደግሞ «ቴርሞስታት ለእኛ አገር አያስፈልግም» የሚል አባባል አለ። ቴርሞስታት ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋ በር ነው፤ አውጥተው የሚጥሉት ሰዎች ሞተሩ እንዳይፈላ ይረዳዋል ብለው ያስባሉ። በገደብ ብርድ ይህ እጥፍ ስሕተት ነው፣ ምክንያቱም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱን ያበላሻል፣ ፋሻና ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላሉ። ለገዢ ግን ሌላ ጥቅም ያለው ፍንጭ ነው፤ ከረጅም ጉዞ በኋላም የሙቀት መለኪያው ከታች የማይነሣ መኪና ቴርሞስታቱ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፣ የተነቀለበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞተሩ አንድ ቀን ፈልቶ ስለነበር ነው። መፍላቱ በደጋ ይበልጥ ይቀርባል፤ በ2000 ሜትር ውኃ በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚፈላ፣ ጤነኛ የራዲያተር ክዳን በሚፈጥረው ግፊት ይህን ከ110 ዲግሪ በላይ ካላደረሰው በስተቀር አቀበቱ ላይ የሚተርፍ ሞተር ጥቂት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን በጥቂት ብር ይለወጣል፤ ሳይለወጥ በመቅረቱ የተጣመመ ቴስታታ ግን በዚያ ዋጋ አይስተካከልም።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪና የታጠበ ሞተር ብዙ ሐተታ አያስፈልጋቸውም። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ባይመለስም በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ተራራ የወጣ 50000 ኪሎ ሜትር በሜዳ ከተነዳ 100000 ኪሎ ሜትር የበለጠ ሊያደክም ይችላል። ተወልውሎ የሚያበራ ሞተር የሚያሳየው መታጠቡን ብቻ ነው፣ የዘይቱን ፍሰት የሚናገረው አቧራም አብሮ ሄዷል። የናፍጣ ዘይት መጥቆሩ ግን ከተቀየረ በኋላ በአጭር ጊዜ ስለሚከሰት ገዢን ሊያስደነግጠው አይገባም፤ ይልቅስ ከልክ በላይ የወፈረ ዘይት ኳኳታንና ጭስን ለጥቂት ቀናት ስለሚሸፍን፣ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ ሲዞር፣ የዘይት መሙያው ክዳን ተከፍቶ ከውስጥ በኃይል የሚገፋ ጭስ መኖር አለመኖሩ ይታያል።

የመጨረሻው አባባል «ሞተሩ ወርዶ ተሠርቷል» የሚለው ሲሆን፣ አንዱ ገዢ እንደ አዲስ፣ ሌላው እንደ ሬሳ ይቆጥረዋል። ሁለቱም ማስረጃ ሳያዩ ነው የሚፈርዱት፤ የተለወጠው ዕቃ ደረሰኝ፣ የሲሊንደሩ መጠን ተለክቶ የተሞረደበት ማሽን ቤት ወረቀትና አሮጌዎቹ ፋሻዎች ካሉ የተሠራ ሞተር ካልተነካው ሊሻል ይችላል። ሞተሩ በሌላ ተለውጦ ከሆነ ደግሞ በአካሉ ላይ የተቀረጸው ቁጥር በሊብሬው፣ ማለትም በመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳከር አለበት፤ ካልገጠመ፣ እምቃቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለውጡ በመዝገብ እስኪስተካከል ድረስ ስም ማዞሩ እንቅፋት ስለሚገጥመው፣ ቀብድ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው።