ተማሪው የሚዘለው ቅጥያ

የእንግሊዝኛ ኀላፊ ጊዜ በሰሌዳ ላይ ሲቀርብ ቀላል ይመስላል። በመደበኛ ግሶች መጨረሻ አንድ ቅጥያ ይታከላል፤ ንባቡም እንደ ግሱ የመጨረሻ ድምፅ ‹ት›፣ ‹ድ› ወይም ‹ኢድ› ይሆናል። እንደ ‹ጎ› እና ‹ዌንት› መልካቸውን የሚለውጡት ደግሞ በቃል ይጠናሉ። ሆኖም በፈተና ላይ ክፍት ቦታውን አሳምሮ የሚሞላ ተማሪ ያለፈ ነገር ሲያወራ ‹የስተርደይ አይ ጎ› ማለቱ በየአገሩ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ብዙ ተጽፏል። ከተጻፈው ውስጥ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ ግን አንድ ነጥብ ነው፦ ቅጥያው የሚዘለለው ደንቡ ስለከበደ ሳይሆን ሰው ያለ እርሱም መግባባት ስለሚችል ነው። የማስተማሪያ ዘዴም መመዘን ያለበት ለዚህ ችግር በሚሰጠው መልስ ነው።

አሜሪካዊው ምሁር ቢል ቫንፓተን ነገሩን ከአድማጩ ወገን አስረድቶታል። አድማጭ ትርጉም የሚፈልገው በመጀመሪያ ከሙሉ ቃላት ነው፤ ‹ትናንት› የሚለውን ከሰማ በግሱ ጫፍ ያለችውን ደካማ ድምፅ የሚያዳምጥበት ምክንያት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአምስት የአውሮፓ አገሮች በጎልማሳ ስደተኞች ላይ የተካሄደው፣ ቮልፍጋንግ ክላይንና ባልደረቦቹም በ1995 በመጽሐፍ ያቀረቡት ጥናት ይህንኑ ከተናጋሪው ወገን ያሳያል። በእንግሊዝ የነበሩትን የፑንጃብኛና የጣሊያንኛ ተናጋሪዎች ጨምሮ ተሳታፊዎቹ የሚኖሩበትን አገር ቋንቋ በአብዛኛው የለመዱት በሥራና በኑሮ ነው። ድርጊቱን በተፈጸመበት ቅደም ተከተል እየደረደሩ፣ ጊዜ ገላጭ ቃላትን እያስገቡ፣ ግሱን ግን ሳይለውጡ ታሪካቸውን ይተርኩ ነበር። ብዙዎችም ከዚያ ደረጃ አላለፉም። ዶና ላርዲየር ለዓመታት የተከታተለቻት፣ በአሜሪካ የምትኖርና እንግሊዝኛ የዕለት ቋንቋዋ የሆነ ቻይናዊት ደግሞ የኀላፊ ጊዜ ምልክት በሚያስፈልግበት ቦታ በንግግሯ ያስገባችው ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ነበር። መስማትና መናገር ብቻውን አይበቃም ለማለት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ቅጥያው ሲመጣም በሁሉም ግስ ላይ እኩል አይመጣም። ፈላስፋው ዚኖ ቬንድለር በ1957 ግሶችን እንደ ድርጊታቸው ባሕርይ በአራት ከፍሎ ነበር። በዚህ ላይ ተመርኩዘው ሮጀር አንደርሰንና ያሱሂሮ ሺራይ እንዳስረዱት፣ ተማሪዎች የኀላፊ ጊዜን ምልክት መጀመሪያ የሚያሳርፉት እንደ መስበር፣ መድረስና ማግኘት ባሉ ፍጻሜያቸው በታወቀ ድርጊቶች ላይ ነው፤ እንደ ማወቅና መፈለግ ያሉት ዘግይተው ይደርሳቸዋል። ለመምህሩ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ታሪክን ወደፊት የሚያራምዱት ግሶች ተማሪው ቀድሞ የሚይዛቸው ስለሆኑ፣ ከተነጣጠለ ዓረፍተ ነገር ይልቅ ትረካ የተሻለ መነሻ ይሆናል። የአማርኛ ተናጋሪ ደግሞ የራሱ ስንቅም የራሱ ወጥመድም አለው። ‹ሰብሮ ነበር› የሚል ሰው ፓስት ፐርፌክትን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ‹ባለፈው ዓመት ተመርቋል› የሚለውን በፕረዘንት ፐርፌክት ሲያስቀምጠው ግን ይሳሳታል፤ እንግሊዝኛ ያለቀ ጊዜን ከሚጠቅስ ቃል ጋር ይህን ቅርጽ አይቀበልምና። ‹ደክሞኛል› እና ‹ገብቶኛል› የሚሉትም በእንግሊዝኛ የሚነገሩት በአሁን ጊዜ ነው። ለዓለም ሁሉ በአንድ ልክ የተሰፋ መማሪያ መጽሐፍ እነዚህን አያነሳም፤ ሥራው የመምህሩ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። ሃይዲ ዱሌይና ማሪና በርት በ1974 ስፓኒሽና ቻይንኛ ተናጋሪ ሕፃናት የእንግሊዝኛ ቅጥያዎችን በተቀራራቢ ቅደም ተከተል እንደሚለምዱ ካሳዩ ወዲህ፣ እነ ስቲቨን ክራሸን ቋንቋ በራሱ ሥርዓት ስለሚገባ ሰዋስው ማስተማር ብዙም አይፈይድም ብለዋል። ስለ ቅደም ተከተሉ እውነት አላቸው፤ ካትሊን ባርዶቪ ሃርሊግ በ2000 ባሳተመችው ሰፊ ዳሰሳም ትምህርት ያንን እንደማይለውጥ ታሳያለች። ነገር ግን በክፍል የተማሩት ከቅጥያው ሲደርሱ፣ በኑሮ ብቻ ከለመዱት ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ካተሪን ዶውቲና ኤሊዛቤት ቫሬላ በ1998 ባወጡት ጥናት፣ የሳይንስ ሙከራቸውን በእንግሊዝኛ ሲያስረዱ የኀላፊ ጊዜ ስሕተታቸው እዚያው የታረመላቸው ተማሪዎች ካልታረመላቸው ይበልጥ ተሻሽለዋል። ሮድ ኤሊስና ባልደረቦቹ በ2006 እንዳሳዩት ደግሞ፣ አስተካክሎ ከመድገም ይልቅ ‹ኀላፊ ጊዜ ያስፈልግሃል› ብሎ ደንቡን ማስታወስ ቆይቶ በተሰጠ ፈተና የተሻለ ውጤት አስገኝቷል። ደንብ የሚሠራው ተማሪው ሊናገር የፈለገው ነገር በአፉ ላይ ሳለ ሲደርሰው ነው።

ተማሪ በበዛበት ክፍል እያንዳንዱን ማረም አይቻልም የሚሉ መምህራን ትክክል ናቸው። የጽሑፍ ሥራ ግን ይቻላል፤ በቡድን የተጻፈ አንድ አንቀጽ ላይ ሌላውን ስሕተት ሁሉ ትቶ በኀላፊ ጊዜ ግሶች ብቻ ማስመር ጊዜ አይፈጅም። በኢትዮጵያ ከ1986ቱ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህም እንግሊዝኛ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ በመሆኑ፣ የዓድዋ ጦርነትን መተረክም ሆነ የባዮሎጂ ሙከራን መዘገብ ቅጥያውን የሚጠይቅ እውነተኛ ሥራ ነው። በቃል ማጥናትም ቦታ አለው፤ በንግግር ከሁሉ የሚደጋገሙት እንደ መሄድ፣ መምጣት፣ ማለትና ማድረግ ያሉ ግሶች በእንግሊዝኛ መደበኛ አይደሉምና። ብቻ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ሳይሆን ተማሪዎቹ ለትረካቸው በሚፈልጓቸው ጥቂት ግሶች ይጀምር።